የማይፈተን ትምህርት

በአገራችን አንድ ትምህርት ክብር ይኑረው አይኑረው ለማወቅ የፈለገ ሰው መመሪያ አያገላብጥ፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ መኖሩን ብቻ ይመልከት። ካለ አስተማሪ አለው፣ መጽሐፍ አለው፣ ማጠናከሪያ አለው፤ ወላጅም «አጠናህ ወይ?» ብሎ ይቆጣበታል። ከሌለ ግን ወረቀት ላይ የፈለገው ይጻፍ፣ ክፍለ ጊዜው የሒሳብ ማካካሻ ይሆናል። ሥዕል ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው።

የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪው እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይፈተናል። የማኅበራዊ ሳይንሱ በመጨረሻዎቹ ሦስት ፋንታ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይፈተናል። በሩ ሁለት ነው። እጁ ለሥዕል የተፈጠረ ልጅ በየትኛው ይግባ? «በአንዱ ይግባና ሥዕሉን በትርፍ ሰዓቱ ይሞክር» ይሉኛል። ጥሩ! እንግዲያው ኬሚስትሪንም የትርፍ ሰዓት እናድርገውና ስንት ኬሚስት እንደምናፈራ እንየው።

ይህ ነገር ይበልጥ የሚቆረቁረኝ ከወልድያ አልፌ ወደ ራያ ቆላ ስወርድ ነው። የቆቦ ገበሬ ማሽላን «ማሽላ» ብሎ ብቻ አያልፍም። ጅጉርቲ አለው፣ ደጋሌት አለው፤ ቅርጹንና ቀለሙን አይቶ ይለያል። ሹሩባ የምትሠራዋ ሴት መስመሩን የምታወጣው ያለ ማስመሪያ ነው። ስፌት የምትሰፋዋም አክርማውን ቀለም ነክራ፣ ዙሩን በልቧ ቆጥራ ሞሰቧን ትጨርሳለች። ይህን እያየ ያደገ ልጅ ትምህርት ቤት የሚገባው ዐይኑ ተምሮ ነው። «ጨፍን» የምንለው እኛ ነን።

ቆቦ ላይ በባጃጅ ጀርባ አንበሳ የሚሥል ወጣት አግኝቼ «የት ተማርከው?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «ጋሼ፣ ደግሞ የት ይማሩታል?» አለኝ። ተማሪ ሳለ ለባዮሎጂ አስተማሪው ልብን ሰሌዳ ላይ የሚሥለው እሱ ነበር። ፈተና ሲመጣ ነጥቡ የሚሰጠው ግን ለሥዕሉ ሳይሆን ለክፍሎቹ ስም ነው። ስሙን የሸመደደው ልጅ አለፈ፤ ልቡን የሣለው ባጃጅ ላይ ቀረ።

የአንኮበሩን ልጅ አፈወርቅ ተክሌን እናስታውስ። በፈረንጆቹ 1947 ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ነበር። ተሰጥኦውን ያዩለትና ወደ ሥነ ጥበብ የገፉት እዚያ የገባበት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራን ናቸው። ዛሬ በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን የመስታወት ሥዕሉን ለእንግዳ እያሳየን እንኮራለን። ያ ልጅ ዛሬ ቆቦ 11ኛ ክፍል ቢገባ ማን ያየዋል? ፊዚክሱን ወድቆ ይመለሳል እንጂ!

«አዲስ አበባ ትምህርት ቤት አለ አይደል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አለ። በ1950 ዓ.ም በአለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በመሥራቹ ስም የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የአመልካቹን እጅ ይፈትናል፤ ተገቢም ነው። ግን ያን እጅ ማን አሠለጠነው? ከፍሎ በግል የተማረው የከተማ ልጅ እርሳስ አያያዝ አውቆ ይመጣል። የቆቦው ልጅ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ማንም አስተምሮት በማያውቀው ነገር ይፈተናል። ይሄ ተሰጥኦ መምረጥ ሳይሆን ኪስ መምረጥ ነው።

ሌላው ተከራካሪዬ ደግሞ ቁጥር ይዞ ይመጣል፦ «በ2015 ዓ.ም ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ውጤት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው፤ አንተ ስለ ሥዕል ታወራለህ?» አዎ፣ አወራለሁ! 96.7 በመቶው የወደቀበት ቤት ሌላ በር አያስፈልገውም ትላለህ? ሥዕል ደግሞ የሰነፍ መጠጊያ አይደለም። በእንግሊዝ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ የሥነ ጥበብ ተማሪ ከውጤቱ 60 በመቶውን የሚያገኘው ሐሳቡን እየመረመረ፣ እያፈረሰና እየሠራ በጽሑፍ ጭምር ከሚያቀርበው የራሱ ሥራ ነው። «እሱማ የሀብታም አገር ነው» ካልከኝ ጎረቤታችን ኬንያ በሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናዋ ሥነ ጥበብን ስትፈትን ኖራለች።

«ቆቦ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም ጦርነት የተመላለሰባት ከተማ ናት፤ መጀመሪያ ወንበር ይሟላ» ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። ወንበሩ ይሟላ። ግን ከሰል፣ ሸክላ አፈርና ወረቀት ከወንበር በላይ አያስወጡም። ያን ሁሉ ያየ ልጅም ያየውን የሚያወጣበት መንገድ ቅንጦት አይደለም።

ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የልብ ወለድን ትርጉም በቃሉ የሚያነበንብ፣ መስኮቱ ላይ የተደቀነውን ተራራ ግን በሦስት ዐረፍተ ነገር መግለጽ የሚያቅተው ተማሪ ስንቱን አየሁ! ማየት ስላልተማረ ነው።

ስለዚህ የምለው አንድ ነገር ነው። ሥዕል በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ተመራጭ ትምህርት ሆኖ ይሰጥ፤ ከሁሉ በላይ ይፈተን፤ ነጥቡም ለዩኒቨርሲቲ ይቆጠር። ሁሉም ትምህርት ቤት በአንድ ቀን ይጀምር አላልኩም። በየዞኑ አንድ ትምህርት ቤት፣ በትምህርት ቤቱም አንድ መምህር ይመደብ።

የራያ ገበሬ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳው ውስጥ ያስገባዋል። ያልጠለፈው ጎርፍ አፈሩን ይዞበት እንደሚሄድ ያውቃል። ትምህርት ሚኒስቴር ከዚህ ገበሬ ቢማር ምን አለበት?