አሮጌ መኪና አያሳፍርም

ከአዲስ አበባ በሞያሌ ናይሮቢ ድረስ 1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አሮጌ ላንድክሩዘር ላይ አልጋ ሠርተን፣ ራሳችን እየጠገንን የምንመላለሰውን «አዲስ ግዙ» ይሉናል። አንስማማም። የድሮ ናፍጣ ሞተር ኮምፒውተር አይፈልግም፤ በረሃ ላይ ቢቆምም መፍቻ የያዘ ሰው ያስነሣዋል።

ግን ሳይፈተሽ መነሣት ነውር ነው። ከሆቴል የተረፈው ገንዘብ ለፍሬን ሸራ፣ ለቺንጋና ለመጠባበቂያ ጎማ ይዋል። ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት ያለው ሙቀት ደካማ ራዲያተር አይምርም። ኬንያ ስንገባ ደግሞ የምንነዳው በግራ ነው፤ የደከመ ሹፌር ይህን ይረሳል። ስለዚህ ወገኖቻችን፣ ሲመሽ ከተማ ገብተን፣ ጥበቃ ያለበት ቦታ አቁመን እንተኛ። አልጋውን የሠራነው ለዚህ ነው። ደንበኛ አንድ ቀን ይታገሣል።