መጽሐፍ በእጅ ስልክ፥ ዋጋው ለማን?

ከመሳለሚያ ወደ አውቶቡስ ተራ በሚወስደው መንገድ መጻሕፍት በክንዱ ደራርቦ የሚዞር ነጋዴ ዕለታዊ ሲሳዩን ፍለጋ ሲንከራተት፥ በአጠገቡ የሚያልፈው ወጣት ያንኑ መጽሐፍ ያለ ዋጋ በቴሌግራም ተቀብሎ በስልኩ ይዞት መገኘቱ ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት መጽሐፍን ከቁም ጸሐፊ ብርቱ ድካም አውጥቶ ለብዙኃን እንዳደረሰ ሁሉ፥ ይህም አዲስ ጥበብ፥ ወረቀት በውጭ ምንዛሪ በሚገዛበት አገር፥ ታላቅ ጸጋ ሊሆን ይገባው ነበር፤ ነገር ግን ጸጋው ለአንባቢው ብቻ ደርሶ ደራሲውን ባዶ እጁን አስቀርቶታል።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ያበረከቱልን ሐዲስ ዓለማየሁ ባረፉበት በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲን ጥቅም በሕይወት ዘመኑ ለራሱ፥ ከዕረፍቱም በኋላ 50 ዓመት ለወራሾቹ ያጸናል፤ እንግዲህ መጽሐፍን ገጽ በገጽ ፎቶግራፍ አንሥቶ የሚበትን ሰው፥ በጎ አድራጊ ነኝ ቢልም (እንዲህ የሚሉ ብዙዎች ናቸው)፥ የሌላውን ርስት ከመንጠቅ አይነጻም።

እኔ ግን ጥፋቱን ሁሉ በወጣቱ ላይ አልጭንም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በስልክ መክፈል እየተለመደ ሳለ፥ ብዙዎቹ አሳታሚዎቻችን ወረቀቱ ሳይሸጥ ይቀራል በሚል ስጋት ዲጂታሉን ቅጅ ለገበያ ለማውጣት ያመነታሉ። የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር ሁለቱ ቅጆች በአንድ ቀን የሚወጡበትን፥ የደራሲውም ድርሻ በየወሩ ወደ ሒሳቡ የሚገባበትን አንድ ወጥ ውል ቢያዘጋጅ መልካም ጅምር ይሆናል።