የሰው አካል የኃይል ምንጭ ይሁን ሲባል

ማንኛውም ሥራ ያለ ኃይል አይከናወንም። የሰው ልጅ እሳት ማንደድን፣ በሬ መጥመድን፣ ወራጅ ውሃንና ነፋስን ለወፍጮ ማዋልን፣ ከዚያም የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ዘይት ማቃጠልን የተማረው ደረጃ በደረጃ ነው። ከእነዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን የመጀመሪያው ሞተር የገዛ አካሉ ነበር። እህሉን የወቀጠውና የፈጨው፣ ሸክሙን ያጓጓዘው በክንዱና በጀርባው ነው። ዛሬ ነዳጅ እየተወደደ፣ የጢሱም ጉዳት እየታወቀ በመሄዱ አንዳንድ ተመራማሪዎች ወደዚሁ ጥንታዊ ሞተር ተመልሰው፣ «ከሰው አካል የኤሌክትሪክ ኃይል ማግኘት አይቻልምን?» ሲሉ ይጠይቃሉ። የሚቻል ለመሆኑ ጥርጥር የለውም። ዋናው ጥያቄ ግን «ምን ያህል? ለምን ተግባር? ለማንስ ጥቅም?» የሚለው ነው።

የነገሩን ልክ ለማወቅ በቅድሚያ የአካልን አሠራር መረዳት ያስፈልጋል። አንድ ሰው በቀን ከ2,000 እስከ 2,500 ኪሎ ካሎሪ የሚሰጥ ምግብ ይመገባል እንበል። ይህ ለሃያ አራት ሰዓት ሲካፈል ከ100 እስከ 120 ዋት ያህል ይሆናል፤ ይኸውም ባለ 100 ዋት አምፑል ቀንና ሌሊት ሲበራ ከሚፈጀው ኃይል ጋር ይቀራረባል። ይሁን እንጂ አብዛኛው ኃይል ልብ እንዲመታ፣ ሳንባ እንዲተነፍስ፣ አንጎል እንዲያስብና የሰውነት ሙቀት እንዲጠበቅ የሚውል ነው። ጡንቻም ቢሆን ከሚቀበለው ኃይል ወደ ሥራ የሚለውጠው ሩብ ያህሉን ብቻ ሲሆን፣ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሯጭ በብርድ ቀን እንኳ በላብ የሚጠመቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ኃይል ወደ ኤሌክትሪክ ለመለወጥ በተለይ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ዲናሞ ነው። በብስክሌት ጎማ ላይ የሚታሰረው ትንሽ ዲናሞ 3 ዋት ያህል አመንጭቶ የፊት መብራቱን ያበራል። ሁለተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1821 ቶማስ ዜቤክ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በደረሰበት ግኝት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ይኸውም ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተጋጥመው አንደኛው መጋጠሚያ ሲሞቅ ሌላው ከቀዘቀዘ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል ማለት ነው። ሦስተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1880 ዣክና ፒየር ኩሪ የተባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች እንዳሳዩት፣ አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኑ የሚሰጡት ኤሌክትሪክ ነው።

የሰው ጉልበት በትክክለኛ ቦታው ሲውል ታላቅ አገልግሎት እንደሚሰጥ የአውስትራልያ ታሪክ ይመሰክራል። በዚያች አገር በረሃማ ክፍል የሚኖሩ ከብት አርቢዎች ከጎረቤታቸውም ሆነ ከሐኪም በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ተራርቀው ይኖሩ ነበር። ከታመሙ የሚጠሩበት መንገድ አልነበራቸውም፤ የኤሌክትሪክ መስመርም አይደርስላቸውም ነበር። አልፍሬድ ትሬገር የተባለው መሐንዲስ የብስክሌት ፔዳል ከዲናሞ ጋር አያይዞ የሚሠራ የመገናኛ ራዲዮ ፈለሰፈ። ተጠቃሚው በእግሩ ፔዳሉን ሲረግጥ 20 ዋት ያህል ኃይል ይገኛል፤ እጆቹ ደግሞ የሞርስ ምልክት ለመምታት ነጻ ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ ይህ ራዲዮ በየቤቱ እየተተከለ፣ በአውሮፕላን የሚመጣውን ሐኪም ለመጥራት አስችሏል።

ይህ ሥራ የተሳካው ሦስት ነገሮች በመሟላታቸው ነው። የሚያስፈልገው ኃይል ትንሽ ነበር፤ የሚረገጥበት ጊዜ አጭር ነበር፤ ከሁሉም በላይ ጥቅሙ ለረጋጩ ለራሱና ለቤተ ሰቡ ነበር። በክንድ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላው የእጅ ሰዓትም ሆነ፣ እንግሊዛዊው ትሬቨር ቤይሊስ ባትሪ መግዛት ለማይችሉ ሰዎች ብሎ የፈለሰፈው በእጅ ተጠምዝዞ የሚሠራ ራዲዮ ተፈላጊነት ያገኙት በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «የሰው ጉልበት ዋጋ የማይከፈልበት ኃይል ነው» ማለት ከባድ ስሕተት ነው። መኪና በቤንዚን እንደሚሄድ፣ ሰውም የሚሠራው በእህል ነው። እንጀራ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ኃይል ይፈልጋል። አንድ ጤናማ ሰው ሳያርፍ ለአንድ ሰዓት ፔዳል ቢረግጥ የሚሰጠው ኃይል ከ100 ዋት ብዙም አያልፍም። እንግዲህ አንዱን ምጣድ አግሎ ለማቆየት 35 ሰዎች ባንድነት ላባቸውን ማንጠፍጠፍ ይኖርባቸዋል። ከበሉት አራት እንጀራ የሦስቱ ኃይል በሙቀት ስለሚባክን፣ ትርፉ እንጀራ ለመጋገር እንጀራ መጨረስ ብቻ ይሆናል።

ይህን ሒሳብ የዘነጋ ዕቅድ ምን እንደሚገጥመው በደቡባዊ አፍሪካ ታይቷል። ልጆች ተሳፍረው የሚሽከረከሩበት መጫወቻ ከውሃ መሳቢያ ጋር ተያይዞ፣ «ልጆች ሲጫወቱ መንደሩ ውሃ ያገኛል» ተብሎ በብዙ ቀበሌዎች ተተከለ። ሐሳቡ ብዙዎችን አስደስቶ ከፍተኛ ገንዘብ ተሰበሰበለት። ይሁን እንጂ ዘ ጋርድያን የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሰላው፣ አንዱ መሳቢያ ለታሰበለት 2,500 ሕዝብ ውሃ እንዲያዳርስ ልጆቹ በቀን 27 ሰዓት መጫወት ነበረባቸው። ቀን ግን ያለው 24 ሰዓት ነው! ልጆቹ ሲደክሙ ወይም ትምህርት ቤት ሲውሉ መጫወቻውን ጎንበስ ብለው የሚገፉት እናቶችና አሮጊቶች ሆኑ። ጨዋታ የተባለው ነገር ሸክም ሆነ ማለት ነው።

በአንጻሩ፣ አካል ያለ ድካም የሚጥለውን ኃይል መሰብሰብ የሚነቀፍ አይደለም። በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም፣ በማዕከላዊው የባቡር ጣቢያ ከሚተላለፈው ሕዝብ ገላ የሚወጣው ሙቀት ውሃ እንዲያሞቅ ተደርጎ፣ ውሃው በቧንቧ ሄዶ በአቅራቢያው ያለውን ሕንጻ ለማሞቅ ይረዳል። ለዚህ ማንም መንገደኛ አንዲት ጠብታ ላብ አያፈስም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» እንደሚባለው፣ ከእያንዳንዱ የሚገኘው ጥቂት ሙቀት ተጠራቅሞ ለቁም ነገር ይውላል።

ስለዚህ ልዩነቱ ግልጽ ነው። አካል የሚጥለውን ሙቀት ማንሣት፣ ወይም ባለቤቱ ለገዛ ጥቅሙ ጥቂት ጉልበት እንዲያውል ማድረግ ብልኅነት ነው። የድኻውን ጉልበት እንደ ነዳጅ ቆጥሮ በመብራትና በሞተር ፈንታ ማቅረብ ግን ወደ ኋላ መመለስ ነው። በገጠር እንጨት ስትሸከም፣ ውሃ ስትቀዳ፣ እህል ስትፈጭ የምትውል ሴት አካሏ ቀድሞውኑ የኃይል ምንጭ ሆኖ ኖሯል። የሚያስፈልጋት ሸክሟን የሚያቀልላት ወፍጮና መብራት እንጂ ተጨማሪ ፔዳል አይደለም። ሳይንስ የተፈለገው ሰውን ከከባድ ድካም ለማላቀቅ ነውና፣ ማንኛውም አዲስ ግኝት ከሁሉ አስቀድሞ መመዘን ያለበት በዚሁ ሚዛን ነው።