ድድ ከልክ በላይ ሲያድግ ሐኪሞች ይመካከሩ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል የአገራችን ሰው። ይህ አባባል ለሕክምናም እንደሚሠራ ከሚያስረዱን ሕመሞች አንዱ የድድ ከልክ በላይ ማደግ ነው።

ድድ በልዩ ልዩ ምክንያት ያድጋል። ጥርስ ሳይጸዳ ቀርቶ ቆሻሻ ሲጋገርበት፥ በእርግዝና ጊዜ፥ ከዘር በመውረስ፥ አንዳንድ ጊዜም በደም ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን መድኃኒት የሚያመጣውን ነው። ፌኒቶይን የተባለው መድኃኒት ለሚጥል በሽታ እንደሚረዳ የታወቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1938 ዓ. ም. ሲሆን፥ ድድን እንደሚያሳድግም በ1939 ዓ. ም. ተጽፏል። ከሚወስዱት ሰዎች እስከ እኩሌታ ያህሉን ይህ ያገኛቸዋል። ለደም ብዛት የሚሰጡት ኒፌዲፒንና አምሎዲፒን፥ ኩላሊት ለተተከለላቸው የሚሰጠው ሳይክሎስፖሪንም ድድን ያሳድጋሉ።

ድድን በንቅሳት ማስዋብ ልማድ በሆነበት አገር ሰው በድዱ ቢያፍር አያስደንቅም። አደጋው ግን ከዚህ ላይ ነው። ድዱ ጥርሱን የሸፈነበት ወጣት በሰው ፊት መሣቅ ያፍርና ማንንም ሳያማክር መድኃኒቱን ይተዋል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ በርትቶ ይመለሳል፤ ሕይወትንም እስከ ማሳጣት ይደርሳል። ወደ ጥርስ ሐኪም ብቻ የሄደም እንደ ሆነ፥ የተረፈው ድድ ተቈርጦለት ይሰናበታል፤ ምክንያቱ ስላልተነካ ድዱ ተመልሶ ሊያድግ ይችላል።

ስለዚህ መድኃኒቱን ያዘዘው ሐኪምና የጥርስ ሐኪሙ ደብዳቤ ሊጻጻፉ ይገባል። የመጀመሪያው በሌላ መድኃኒት መለወጥ ይቻል እንደ ሆነ ይመርምር፤ ሁለተኛው ጥርሱን ጠርጎ ጥቂት ወራት ይጠብቅና ያልጐደለውን ድድ ብቻ ይቍረጥ። ያለ ታወቀ ምክንያት አብጦ የሚደማ ድድ ሲያጋጥም ደግሞ አስቀድሞ ደም ይመርመር። ሕመምተኛውም ድርሻ አለው፤ ጧትና ማታ በብሩሽ ወይም በመፋቂያ ድዱን ሳያቈስል ያጽዳ፤ የሚወስደውንም መድኃኒት ስም በወረቀት ጽፎ ለጥርስ ሐኪሙ ያሳይ።

ሐኪሞች ለመጻጻፍ ጊዜ የላቸውም የሚል አይጠፋም። ነገር ግን አምስት መስመር መጻፍ አንዱን ድድ ሁለት ጊዜ ከመቍረጥ ያነሰ ድካም ነው። መዝገብ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ካልተላለፈ ጉዳይ እንደማይፈጸም በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወጣቶች ታውቃላችሁ። የሕመምተኛም ጉዳይ ከዚህ የተለየ አይደለም።