መርፌዋ ዋሸች ወይስ ሞተሩ ጋለ?



ባለፈው ወር በዚህ ዓምድ ስለ መኪና ባትሪ አያያዝ ጥቂት ብለን ነበር። ያንን ተከትሎ ከአንድ ወጣት አንባቢ ደብዳቤ ደርሶናል። «አባቴ በሚነዳው ሚኒባስ ክሩስኮት ላይ ያለችው የሙቀት መርፌ ጠዋት ቁልፍ ገና ሲዞር ኤች ላይ ወጥታ ቁጭ ትላለች። አንዱ መካኒክ ቴስታው ይከፈት ይላል፣ ሌላው ጌጁ ነው ተዉት ይላል። ማንን እንመን?» ይላል ጠያቂያችን። ጥያቄው አጭር ቢሆንም እኔን ግን ማንሳት ወደማልወደው አንድ ጉዳይ መልሶኛል። እሱን ወደ በኋላ ላቆየውና በመጀመሪያ ለደብዳቤው መልስ እንስጥ።

ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሞተር ሊግል አይችልም። ከሱብሒ ሰላት በኋላ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ቁልፉን ብቻ አዙሩና መርፌዋን ተመልከቱ። የዚያን ሰዓት ቦታዋ የቅዝቃዜው ምልክት ሲ ነው። የሙቀቱ ምልክት ኤች ላይ ከወጣች ያ መልእክት ከሽቦ፣ ከሴንሰር ወይም ከራሱ ከጌጁ የመጣ ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ አባትህ ቴስታውን እንዳያስከፍቱ ንገራቸው።

የሙቀት ጌጅ አሠራር እንደሚፈራው የረቀቀ አይደለም። በሞተሩ የውሃ መተላለፊያ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቴርሞስታቱ አጠገብ፣ አውራ ጣት የምታህል ሴንሰር ተጠምዳ ትገኛለች። ጫፏ ውሃው ውስጥ ነው። ስትቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን አጥብቃ ትከለክላለች፣ ስትሞቅ ደግሞ እየለቀቀች ትሄዳለች። ኤሌክትሪኩ ከባትሪ ተነስቶ በፊውዝ፣ በጌጁና በአንዲት ቀጭን ሽቦ አልፎ ወደ ሴንሰሯ ይመጣል፤ ከዚያም በገላዋ በኩል ወደ ሞተሩ ብረት፣ ማለትም ወደ ማሳ ይገባል። ብዙ ሲያልፍ መርፌዋ ትወጣለች፣ ጥቂት ሲያልፍ ትወርዳለች። በመሆኑም ሽቦዋ ከተበጠሰች ሞተሩ ቢነድ እንኳ መርፌዋ ሲ ላይ ተኝታ ትቀራለች። ሽቦዋ ተልጣ የመኪናውን ብረት ከነካች ደግሞ ሞተሩ በረዶ ቢሆንም ኤች ላይ ትወጣለች። (ክሩስኮት፣ ቴስታ፣ ማሳ የሚሉት የጋራዥ ቃላት ከጣሊያን የቀሩልን ናቸው። የጣርማ በር ዋሻም ከዚያው ዘመን ነው፤ መኪኖቻችን ወደዚያ ዋሻ ሲወጡ ነው እንግዲህ የሚፈላባቸው።)

ይህን በሥራ ላይ ያየሁት በ2009 ዓ.ል. ጥቅምት ወር ነበር። ያኔ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም። አጎቴ ከጀውሃ ሸዋ ሮቢት፣ አንዳንዴም እስከ ደብረ ብርሃን የሚሠሩባት አሮጌ ቶዮታ ሚኒባስ ነበረቻቸው። ስምንት ነፍስ ያደረው በእሷ ነው። መርፌዋ ልክ እንደ ጠያቂያችን ኤች ላይ ወጥታ አልወርድ አለች። አጎቴ ራዲያተር አሳጠቡ፣ ቴርሞስታት አስወጡ፣ ለውጥ የለም። በመጨረሻም ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል ተብለው ለቴስታ መክፈቻ ገንዘብ ሲያፈላልጉ ነው እኔ የሰማሁት።

ያደረግነው ይህን ነው። ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት ቁልፉን አዙረን የሴንሰሯን ሽቦ ነቀልን። ሽቦው ተነቅሎ መርፌዋ ወደ ሲ ብትወርድ ኖሮ ጥፋቱ የሴንሰሯ ይሆን ነበር። አልወረደችም። እንግዲያው ኤሌክትሪኩ ከሴንሰሯ በፊት የሆነ ቦታ ላይ ወደ ብረት እየገባ ነው ማለት ነው። ሽቦዋን በእጃችን እየዳሰስን ስንከተል ከባትሪው ማስቀመጫ ሥር በብረት ተፍቃ ተልጣ አገኘናት። በጎማ ፕላስተር ጠቀለልናት፤ መርፌዋም ወደ ቦታዋ ተመለሰች። አጎቴ ያን ቀን ለሰፈሩ ሁሉ «መምህሩ ሐኪም ነው» እያሉ ሲያወሩ ዋሉ። እኔም ደስ አለኝ፤ ከሚገባው በላይ ደስ ሳይለኝ አልቀረም።

መርፌዋ በተቃራኒው ሁልጊዜ ሲ ላይ የምትተኛባችሁ ከሆነ ሙከራው ይገለበጣል። ሽቦውን ነቅላችሁ፣ በአንዲት ትንሽ የክሩስኮት አምፖል በኩል አድርጋችሁ፣ ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኙት። መርፌዋ ወደ ኤች ከተነሳች ወዲያውኑ አላቅቁ፤ ጌጁና ሽቦው ደህና ናቸው፣ የምትለወጠው ሴንሰሯ ናት። ካልተነሳች ግን ፊውዙን፣ ሽቦውን፣ በመጨረሻም ጌጁን እዩ። ያለ አምፖል በቀጥታ የሚያገናኙ ባለሙያዎች አሉ። ትንሽ ከቆየ ጌጁን ሊያቃጥለው ስለሚችል እኔ አልመክርም። የነዳጅ መርፌዋም አብራ የምትዘል ከሆነ ጥፋቱ ሁለቱ ከሚጋሩት የኤሌክትሪክ መስመር ወይም ከክሩስኮቱ ማሳ ሊሆን ይችላል። አዲስ ሴንሰር ሲገጠም ጥርሷ ላይ ነጩን የቧንቧ ፕላስተር መጠቅለልም ልማድ ሆኗል። ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ማሳ የምታገኘው በጥርሷ ስለሆነ ፕላስተሩ መንገዷን ሊዘጋባት ይችላል። ቴርሞስታቱ ወጥቶ የተጣለበት መኪና መርፌም ከሲ ብዙ አትርቅም፤ በተለይ ከደብረ ሲና ቁልቁል ስትወርዱ። ያኔ ጌጁን አትክሰሱ፣ ቴርሞስታቱን መልሱ። በኮምፒዩተር በሚሠሩት አዳዲስ መኪኖች ላይ ግን ይህን የሽቦ ሙከራ አትሞክሩ። የእነሱ በመመርመሪያ ማሽን የሚነበብ ነው።

ሴንሰሯን ለብቻ መመርመር የሚፈልግ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይፍታትና በድስት ውሃ ውስጥ ጫፏን አጥልቆ በቴስተር ኦሟን ይለካ። እኔ ይህን በክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ አሳይቼ ነበር። ውሃው እየሞቀ ሲሄድ ቁጥሩ ከመቶዎች ወደ አሥሮች ሲወርድ ተማሪዎቹ እየተንጫጩ ይቆጥሩ ነበር። ቁጥሩ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ወይም ከዘለለ ሴንሰሯ ተበላሽታለች። አንዱ ተማሪ ቴርሞሜትሩን አይቶ «ቲቸር፣ ውሃው 100 ሳይደርስ ፈላ» አለኝ። ልክ ነበር። በእኛ ቆላ ውሃ የሚፈላው ወደ 96 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ጣርማ በር ላይ ደግሞ ወደ 90። የራዲያተር ክዳን አጥብቆ የሚገጠመው ለዚህ ነው፤ ግፊቱን ይዞ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ እንዲቆይ ያደርገዋል። ክዳኑ ከላላ መኪናው ጌጁም ሞተሩም ደህና ሆነው ዳገት ላይ ውሃ ይተፋል።

እንግዲህ ወደዚያ ወደማልወደው ጉዳይ ልመለስ።

በዚያው ዓመት በግንቦት ወር፣ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ አጎቴ መንገደኛ ይዘው ወደ ደብረ ብርሃን ይወጡ ነበር። ከሸዋ ሮቢት እስከ ደብረ ሲና 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች አጭር መንገድ ከ1,300 ሜትር ግድም ከፍታ ተነስቶ ከሺህ ሜትር በላይ ይወጣል። ከቀትር በኋላ ስልኬ ጠራ። አጎቴ አርማንያን አልፈው ቆመዋል። «ልጄ፣ መርፌዋ ከግማሽ በላይ ወጥታ ነበር፣ አሁን በአንዴ ሲ ላይ ወደቀች። ያች ሽቦህ ናት መሰለኝ፤ ምን ላድርግ?» አሉኝ።

እኔ የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ቆሜ፣ መኪናዋን ሳላይ፣ እንደ አዋቂ መለስኩ። ሽቦ ሲበጠስ መርፌ ሲ ላይ ይወድቃል፣ ሽቦዋ ከፕላስተሩ ሥር ተበጥሳ ይሆናል፣ ሲመለሱ አየዋለሁ፣ ይሂዱ አልኳቸው። ሄዱ። ደብረ ሲና ሳይደርሱ ሞተሩ አንኳኳ፣ ከዚያም ጨርሶ ቆመ።

የታችኛው የራዲያተር ጎማ ተሰንጥቆ ውሃው ዳገቱን ሁሉ ሲፈስ መጥቶ ነበር። ሴንሰሯ እውነት የምትናገረው ጫፏ ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። ውሃው ከሥሯ ሲሸሽ የምትለካው እንፋሎትና አየር ይሆናል፤ በዙሪያዋ ያለው ብረት እየነደደ እሷ ትቀዘቅዛለች። መርፌዋ የወደቀችው ሽቦ ተበጥሶ ሳይሆን ውሃ አልቆ ነበር። መጀመሪያ ወደ ላይ መውጣቷም ማስጠንቀቂያ ነበር፤ በደህና ሞተር ላይ የምትበጠስ ሽቦ አስቀድማ መርፌን ከግማሽ በላይ አታወጣም። ይህን አጎቴ ነግረውኝ ነበር። እኔ አልሰማሁትም።

መንገደኞቹ፣ ሕፃናት የያዙ እናቶች ጭምር፣ ከቆላው ለብሰው በወጡት ስስ ልብስ ደጋው ብርድ ላይ እስኪመሽ ቆሙ። ቴስታው ጠሞ፣ ጓርኒሲዮኑ ነዶ፣ ፒስተኖቹ ተፋፍቀው ተገኙ። መኪናዋ ሦስት ወር ቆመች። ረመዳንና ዒድ በዚያ መካከል አለፉ። የአጎቴ ባለቤት ላማቸውን ሸጡ። እኔም ከደሞዜ እየቆረጥኩ ሰጠሁ፤ አጎቴ መጀመሪያ አልቀበልም ብለው ነበር። አንድም ቀን አልተቆጡኝም። ሞተሩ የተበተነ ቀን ብቻ ቅባት የነካውን እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ውሃውን እይ ብትለኝ እኮ አይ ነበር» አሉኝ።

ስለዚህ ጠያቂያችን፣ ጠዋት በቀዝቃዛ ሞተር ላይ የምትዋሽ መርፌ ላይ በድፍረት «ጌጁ ነው» በሉ። መንገድ ላይ ከሆነ ግን፣ መርፌዋ ብትወጣም በአንዴ ብትወድቅም፣ ሌላ ምስክር ሳትጠይቁ አትፍረዱ። መድረሳ ሳለን ለብድር ውል ሁለት ምስክር እንደሚያስፈልግ ተምረን የለ? ጥግ ይዛችሁ ቁሙ። ከመኪናው ሥር የሚንጠባጠብ ነገር እንዳለ እዩ፣ የመጠባበቂያውን ውሃ ማስቀመጫ ተመልከቱ፣ አሽትቱ። የውስጥ ማሞቂያውን ክፈቱ። ሞቆ የነበረው ነፋስ ድንገት ከቀዘቀዘ ውሃው ሄዷል ማለት ነው። ሞተሩ ጉልበት ካነሰው ወይም ካንኳኳ ደግሞ ወዲያው አጥፉት። የራዲያተሩን ክዳን ግን በምንም መልኩ ሙቅ እያለ እንዳትከፍቱ፤ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ታገሡ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ቴስታ ይሰነጥቃል። እንፋሎት እየወጣ ጄሪካን ይዞ የሚሮጥ ረዳት ስታዩ እባካችሁ አስቁሙት።

መርፌዋ መሐል ላይ ናት ብላችሁም ብዙ አትተማመኑ። በበርካታ መኪኖች ላይ መርፌዋ በሰፊ የሙቀት ልዩነት መሐል ላይ እንድትቆም ሆና ነው የተሠራችው፤ ከመሐል ስትነሳ ነገሩ ሩቅ ሄዷል። የወንዝ ውሃ የለመደ ራዲያተርም ሴንሰሯን በዝገትና በደለል ይሸፍናታል፣ ያኔ ዘግይታ ነው የምትናገረው።

የአጎቴ መኪና በነሐሴ ተነሳች። ያችን ሴንሰር ለውጠንላት፣ ሽቦዋንም ከጫፍ እስከ ጫፍ በአዲስ ተክተንላታል። አጎቴ ዛሬም ከመንገድ ሲደውሉልኝ ከሰላምታው ቀጥለው፣ እኔ ምንም ሳልጠይቅ፣ መጀመሪያ የሚሉኝ «ውሃውን አይቻለሁ» ነው።