የታሪክ ፊልሞቻችን ምስክር ቤት ያሻቸዋል

የአንድ ሕዝብ ታሪክ በብራና፣ በወረቀት ወይም በፊልም ሊቀመጥ ይችላል። ዋናው ቁም ነገር ግን በምን ላይ መቀመጡ አይደለም። ማን ቀረጸው? ለማን ጥቅም ቀረጸው? ዛሬስ በማን እጅ ይገኛል? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሳያገኙ የታየውን ምስል ሁሉ እንደ እውነት መቀበል የባላጋራን ቃል ያለ መስቀለኛ ጥያቄ ማመን ነው።

ይህን ለመረዳት ከራሳችን ባህል መራቅ አያስፈልግም። በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። በቆየው ሥርዓት መሠረት ድጓን በሌላ ጉባኤ ቤት የተማረ ደቀ መዝሙር ወደዚያ ወጥቶ የተማረውን በመምህሩ ፊት ያሰማል፤ መጽሐፉንም ያሳርማል፤ ከተመሰከረለት በኋላ ለማስተማር ይበቃል። ሥርዓቱ የሚያስተምረን ግልጽ ነው፤ መጽሐፍ መኖሩ ብቻ አይበቃም። ከየት እንደ ተቀዳ፣ በማን እንደ ታረመና በማን እንደ ተመሰከረለት መታወቅ አለበት። የፊልም ታሪካችን ያጣው ይህንኑ ነው።

ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ስትወር ከመድፍና ከአውሮፕላን ጋር የፊልም ካሜራም አዝምታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 የተቋቋመው ሉቼ የተባለው የፊልም ተቋም በአስመራ የምሥራቅ አፍሪካ ክፍል ከፍቶ የወረራውን ዜና እየቀረጸ በኢጣሊያ ሲኒማ ቤቶች ያሳይ ነበር። ይህ ክምችት እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኔስኮ የዓለም መዘክር መዝገብ ሰፍሯል፤ ብዙው ክፍሉም በዲጂታል ተቀድቶ በኢንተርኔት ይታያል። ዛሬ በነፋስ መውጫ የሚኖር ተማሪ ስልኩን ከፍቶ አያቶቹን የወጋውን ሠራዊት ሰልፍ መመልከት ይችላል።

ታዲያ የሚመለከተው ምንድን ነው? መንገድ ሲሠራ፣ ሹማምንት ሲገቡ፣ ሐኪም ሲያክም ያያል። በሕዝባችን ላይ የዘነበውን የመርዝ ጋዝ ግን ከዚያ የድል ዜና ውስጥ አያገኘውም። የኢጣሊያ መንግሥት የጋዙን ነገር በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም.፣ ወረራው ከተፈጸመ 60 ዓመት ካለፈው በኋላ ነበር። ስለዚህ ይህ ክምችት በሚያሳየው ብቻ ሳይሆን በሚደብቀውም ይመሰክራል። ይህን የሚረዳው ግን መጠየቅ የለመደ ተመልካች ብቻ ነው።

«ሁሉ ነገር በኢንተርኔት ላይ ካለ ሌላ ምን ያስፈልጋል?» የሚሉ አሉ። ይህ አስተሳሰብ መታረም አለበት። በመጀመሪያ ደረጃ፣ መዝገቡ የተጻፈው በባለቤቱ ቋንቋ ነው። ፈላጊው የቦታውን ስም በኢጣሊያንኛ አጻጻፍ ካላወቀ ፊልሙ እያለ እንደሌለ ይቆጠርበታል። በሁለተኛ ደረጃ፣ የጦር አለቃው በስሙ ሲጠራ ከፊቱ የቆመው ገበሬ «የአገሬው ሰው» ተብሎ ይታለፋል። በሦስተኛ ደረጃ፣ አንድ ምንጭ ብቻውን አይታመንም። የዚያኑ ጦርነት የሶቪየት ካሜራ ሠራተኞች ከኢትዮጵያ ወገን ሆነው ቀርጸውታል። ከነጻነት በኋላ ያለውን ዘመን የሚመረምርም ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የታተመውን አዲስ ዘመንን ከፊልሙ ጎን ዘርግቶ ቀንን ከቀን፣ ስምን ከስም ማስተያየት ይገባዋል።

የራሳችን ሥራስ? የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት ፊልማችን «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» ለሕዝብ የቀረበውም፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረውም በ1957 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ የተቀረጸው ሁሉ እንደ ድንጋይ ጸንቶ የሚኖር አይደለም። ፊልም በሙቀትና በእርጥበት ይኮማተራል፤ እንደ ኮምጣጤም መሽተት ይጀምራል። የማግኔት ክር ይላላጣል። ክሩ ቢተርፍ እንኳ የሚያጫውተው መሣሪያ ከአገልግሎት እየወጣ ነው። በአሜሪካ የድሮ የሲኒማ መጽሔቶች ከሁለት ሚሊዮን ገጽ በላይ ተቀድተው ያለ ክፍያ ለተመራማሪ ሲቀርቡ፣ የእኛ የሲኒማ ማስታወቂያና የፕሮግራም ወረቀት በየመጋዘኑ የአይጥ ሲሳይ መሆን የለበትም።

መፍትሔው ከአቅማችን በላይ አይደለም። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን ሲቀዳ አንዱ ቅጅ ወደ አሜሪካ ሄዷል፤ አንዱ ግን አዲስ አበባ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ቀርቷል። ለፊልምም መርሑ ይኸው ይሁን። ወመዘክር በውጭ የሚገኙትን የኢትዮጵያ ፊልሞች ቅጅ ይጠይቅ፤ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችንም መዝገብ ያውጣላቸው።

የነዋሪዎች ማኅበራትና የሠራተኛው ድርሻ ደግሞ ማንም ሊተካው የማይችል ነው። ማኅበራት አረጋውያንን ሰብስበው የተቀዱትን ፊልሞች ያሳዩ፤ «ይህ ተራራ የትኛው ነው? ይህ ሰው ማን ይባል ነበር?» ብለው ጠይቀው ምላሹን ከተናጋሪው ስምና ከቀኑ ጋር ይመዝግቡ። የሲኒማ ቤት ኦፕሬተሩ፣ የማተሚያ ቤት ሠራተኛውና የቴሌቪዥን ቴክኒሻኑ በእጃቸው ያለፈውን ይናገሩ። ኮምፒዩተር ምስልን ያባዛል እንጂ ስም አያወጣም፤ ስሙን የሚያውቁት ሰዎች ደግሞ በየዓመቱ እየተለዩን ነው።

የድጓ መምህር የተማሪውን መጽሐፍ ሳያርም እንደማያሰናብት ሁሉ፣ እኛም የታሪክ ፊልማችንን ሳንመረምርና ሳንመሰክርለት ለተከታዩ ትውልድ አናስረክብ። ቅጂው በማንም እጅ ይገኝ፣ ምስክርነቱ የሕዝባችን መሆን አለበት።