ግምታችንና ዕድሜያችን



በሱረቱል ከህፍ የተወሱት የዋሻው ወጣቶች ከረዥሙ እንቅልፋቸው ሲነቁ የቆዩት አንድ ቀን ወይም ከዚያ ያነሰ መሰላቸው። የቆዩት ግን 309 ዓመት ነበር።

የተኛ ሰው ቢሳሳት አይገርምም እንበል። የነቃውስ? እ.ኤ.አ. በ1962 ፈረንሳዊው የሥነ ምድር ተመራማሪ ሚሼል ሲፍር ሰዓት ሳይዝ፣ ፀሐይ ሳያይ፣ በአልፕስ ተራሮች በሚገኝ ዋሻ ሁለት ወር ያህል ተቀመጠ። ሴፕቴምበር 14 ቀን ጊዜው ማብቃቱ ሲነገረው በእርሱ ቆጠራ ገና ኦገስት 20 ነበር። 25 ቀናት ጠፍተውበታል!

አእምሯችን ጊዜን የሚገምተው በትኩረትና በትውስታ ነው። ታክሲ ስንጠብቅ ሐሳባችን ከጊዜው ላይ ስለማይነሳ ደቂቃው ይረዝማል። ጨዋታ ሲይዘን ግን ሰዓቱ ሳናውቀው ይነጉዳል። ወደ ኋላ ስናስብ ደግሞ የሚታወስ ነገር ያልተሠራባቸው ቀናት አጭር ሆነው ይታዩናል። «አምስት ደቂቃ ብቻ» ብሎ ስልኩን ያነሳ ወጣት ዐስርን ሳይሰግድ የመግሪብ አዛን የሚደርስበት ለዚህ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) የሶላትን ወቅቶች በእኛ ግምት ሳይሆን በፀሐይ ጉዞ መወሰኑ ትልቅ እዝነት ነው። ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁን «ቶሎ ጨርሱ» ከማለት «ከዐስር በፊት ጨርሱ» ማለትን ልመዱ።

በቂያማ ቀን ሰዎች በምድር ላይ ስንት ዓመት እንደቆዩ ሲጠየቁ መልሳቸው እንደ ዋሻው ወጣቶች እንደሚሆን ሱረቱል ሙእሚኑን ይነግረናል። ያ ቀን ሳይመጣ ዛሬን እንቁጠረው።

አላህ ዕድሜያችንን ይባርክልን። አሚን!